ሜሮን ተቀብተው የጠፉት ልጆች

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ አሥራዎቹ ልጆች ናቸው። ምን ነክቷችሁ ነው? ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በካቶሊክ ቁምስናችን (አጥቢያችን) የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ያኔ ኳስ ደብቄባቸው ያለቀሱ ልጆች አሁን የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይመጣሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአለሁ፤ ማንነት የሚያጋልጠውንም ቀይሬአለሁ።

*

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የወጣቶች አስተባባሪ ሆኜ ከተመረጥኩ ገና ነው። ባለፈው ዓመት ሜሮን (የተቀደሰውን ቅባት) የተቀበሉ ብዙ ልጆች ነበሩን። አሁን ቅዳሜ በ8 ሰዓት ለትምህርት የሚመጡት ጥቂት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው። እነሱም ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው። ቲሸርት አሳትመን ብንሰጥ፣ ሽልማት ብናዘጋጅ ይመጡ ይሆን? ወይስ የዛሬ ልጅ ጭራሽ ለእግዜር ነገር አይሆንም?»
— ተስፋ ሊቆርጥ የደረሰው፣ ከሳቢያን

ልጄ፣ ቅዳሜ በ8 ሰዓት? ድሬ ላይ? አቦ፣ እኔም አልመጣም! በዚያ ሰዓት ከተማው ተኝቷል። ሱቁ ዘግቷል። የባጃጅ ሹፌሩ ጥላ ፈልጎ ጋደም ብሏል። አንተ ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ስለ ሰባቱ ምሥጢራት ሁለት ሰዓት እንዲሰማህ ትፈልጋለህ። ይህን የእምነት ማነስ አትበለው። ሙቀት ነው። 11 ሰዓት ላይ ጀምር። ሴቶቹ ብዙ ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርስ። በዚህ ብቻ የተወሰኑት ይመለሱልሃል።

ቀሪዎቹ ግን በሰዓት ለውጥ አይመለሱም። እነሱ ጨርሰዋል። እንደ ጨረሱ የነገርናቸው ደግሞ እኛው ነን።

ካቶሊኮች የምንከተለው ሥርዓት ሁለት ዓይነት ነው። በግእዝ ሥርዓት ሕፃኑ ሲጠመቅ ሜሮን አብሮ ይቀባል። ስለዚህ ቀኑን አያስታውሰውም። በላቲን ሥርዓት ግን ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀበለው። እናንተ ጋ እንዲህ ነው መሰለኝ። ከዚያ ምን ይሆናል? አዲስ ልብስ ይገዛል። ዶሮ ይሠራል። ከአቡኑ ጋር ፎቶ ይነሣል። ካቴኪስቱ (የሃይማኖት አስተማሪው) እፎይ ይላል። ልጁም ማትሪክ ተፈትኖ እንደ ወጣ ተማሪ ደብተሩን ይወረውራል። ማን ይፈርድበታል?

ሜሮን የተቀበለ ሰው ግን ሥራ የሚጀምር ሰው ነው። ሥራው የታለ? እስቲ ልጠይቅህ። ባለፈው ዓመት ከተቀቡት ለየትኛው ልጅ ምን ኃላፊነት ሰጣችሁት? ወንበር አንሣ፣ ወለል ጥረግ ማለትህን አልጠየቅኩህም። እሱ ካልመጣ በግልጽ የሚጓደል ሥራ ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ የቁምስና ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉህ አውቃለሁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።» ይህን ተረት ስንቴ እንደሰማሁት! እርግጥ ነው፣ አይበቃም። አንዳንዴም ይቃጠላል። ግን የዛሬ 20 ዓመት ማን ሊያቦካላችሁ ነው?

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ከኋላ ወንበር አይነሣም፣ ሲጠየቅ አይመልስም። የስም መዝገቡን ሰጠሁት። «የቀረ ካለ ሰኞ ሄደህ ለምን እንደቀረ ጠይቀህ ትነግረኛለህ» አልኩት። ቁጣ የለም፣ ምክር የለም፤ ጠይቆ መምጣት ብቻ። ሰኞ ማታ መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዞ መጣና ቁጭ ብሎ ያነብልኝ ጀመር። አንዷ እናቷ ወልዳ ቤት እየጠበቀች ነው። አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ አሸዋ ገበያ ከአጎቱ ጋር ጫማ ይሸጣል። አንዱ ነጭ ሸሚዝ የለውም፣ ያለ ነጭ ሸሚዝ አይገባም ተብሏል። ማን ነው ያለው? አላውቅም! አንዱ ደግሞ «ሰልችቶኛል፣ ንገራት» ብሏል። ያ ዝምተኛ ልጅ ይህን የመጨረሻውን ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር፤ እሱም ሰልችቶት ኖሯል። እኔ አጀንዳ ይዤ ከምሰበስበው ይልቅ ከዚያ መዝገብ የበለጠ ተማርኩ። ጫማ ሻጩ በቅዳሜ ፈንታ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከትንንሾቹ ልጆች ጋር እንዲሠራ አደረግን። ሸሚዙን ደግሞ ከነ ሕጉ ሰረዝነው።

ስለ ዶን ቦስኮ ሰምተሃል። እሱ የመሠረተው ማኅበር፣ የሳሌዥያን አባቶች፣ እዚሁ ድሬም ይሠራሉ። ግን ሥራው እንዴት እንደተጀመረ ብዙ ሰው አያውቅም። እ.አ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1841 ነው፤ ቦታው ቱሪን፣ የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን። ዶን ቦስኮ ገና የተቀባ ወጣት ካህን ነበር፤ ለቅዳሴ እየለበሰ ነው። አንድ ልጅ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ «በቅዳሴው ካህኑን አገልግል» አለው። ልጁ አልችልም አለ። ሰውዬው መጥረጊያ አንሥቶ ደብድቦ አስወጣው። ዶን ቦስኮ «ወዳጄ ነው፣ ጥራልኝ» አለ። ወዳጁ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ልጁ በርቶሎሜዎ ጋሬሊ ይባላል። ዕድሜው 16፣ እናትም አባትም የሉትም። ማንበብ ትችላለህ? አልችልም። መጻፍስ? አልችልም። ቆርበህ ታውቃለህ? አልቆረብኩም። በመጨረሻ ዶን ቦስኮ «ማፏጨትስ ትችላለህ?» አለው። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ነው ትምህርቱ የተጀመረው።

አንተ የምትጠይቃቸው ጥያቄ ሁሉ «አልችልም» የሚያስብል ከሆነ አንዱም አይስቅልህም። የሚችለውን ፈልግ። አንዱ ስልክ ይጠግናል፣ አንዷ ፀጉር ትሠራለች፣ አንዱ አራት ቋንቋ ያወራል። ድሬ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ አቀላቅሎ የሚናገር ልጅ ብርቅ አይደለም። በቁምስናችሁ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰሙ አሮጊት አሉ? ታመው ተኝተዋል? ያን ልጅ ላከው። ወንጌሉን በቋንቋቸው ያንብብላቸው። ይህ ሥራ ነው።

ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ይቅር አላልኩም። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ፍራንቸስኮስ እ.አ.አ. በ2019 ለወጣቶች በጻፉት መልእክት ይህን ስሕተት በግልጽ አንሥተውታል። ልጆቹ አንድ ጊዜ ልባቸው ይነካል፤ እኛ ደግሞ ተከታትለን የትምህርተ ሃይማኖትና የሥነ ምግባር ስብሰባ እንደረድርባቸዋለን፤ ይሰለቻሉ፣ እሳቱም ይጠፋል። አንድ ሰዓት ተኩል ካለህ ሩብ ሰዓት አስተምር። የቀረው ጨዋታ፣ ወሬ፣ ሥራና ጸሎት ይሁን። ሩብ ሰዓቷን ግን በደንብ ተዘጋጅባት። ከስልክህ ላይ የምታነብላቸው ከሆነ እነሱም ስልካቸውን ቢያዩ አትቆጣ።

በነገራችን ላይ ስልካቸውን አትንጠቅ። ቅዱስ ካርሎ አኩቲስን አሳያቸው። እ.አ.አ. በ2006 በ15 ዓመቱ ያረፈ፣ እ.አ.አ. በመስከረም 2025 ቅድስናው የታወጀ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት ድረ ገጽ ሠርቷል። ፕሌይስቴሽንም ይወድ ነበር። የአገረ ስብከት የወጣቶች ቀን ኅዳር ላይ፣ በክርስቶስ ንጉሥ እሑድ ይከበራል። የእናንተን ቪዲዮ እነሱ ይቅረጹት፣ እነሱ ያቀናብሩት። አንተ ሳትፈቅድ እንዳይለጥፉት ብቻ ተስማሙ።

ቲሸርቱን ተወው። ቲሸርት የሚፈልግ ቲሸርቱን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ገንዘብ ኳስና ሳምቡሳ ግዛ።

*

«የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፣ መዘምር ነኝ። የወጣቶች መሪያችን ጎበዝ ነው፣ ሲያስተምርም ደስ ይላል። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ ቤት ሲቅም አይተነዋል። አሁን አንዳንድ ወንዶች ‹እሱም ይቅም የለ› እያሉ ጀምረዋል። ጫት ኃጢአት ነው ወይ? ለአባ ልንገር?»
— ግራ የገባት፣ ድሬዳዋ

የኔ ልጅ፣ ጫት በስሙ ተጠርቶ የተከለከለበት የቤተ ክርስቲያን ሕግ የለም። ስለ መጠጥ፣ ስለ ትምባሆና ስለ ምግብ የምትለውን ስለ ጫትም ልትይው ትችያለሽ። ራስን መግዛት በጎነት ነው፣ ልክ ማጣት ጥፋት ነው። በዚህ ከተማ በርጫ የስንቱን ቤት ወጪ እንደሚበላ ላንቺ አልነግርሽም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ፣ ማታ እንቅልፍ አጥቶ፣ ጠዋት ተኮሳትሮ የሚነሣን ሰውም ታውቂያለሽ።

የመሪው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ያንን ቤት ሲገባ የ14 ዓመት ልጅ ከውጭ ያየዋል። ልጁ ደግሞ «ራስን መግዛት» የሚለውን ስብከት አይደለም የሚያስታውሰው። የወጣት መሪ የግል ከሰዓት በኋላ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ግን የልጆቹ መንደር ውስጥ፣ ልጆቹ እያዩት፣ ልጆቹን በሚያገኝበት ቀን ከሆነ ለእነሱ ፈቃድ እየሰጠ ነው። ካልተወው አገልግሎቱን ለጊዜው ያቁም። ይህ የኔ ፍርድ ነው። የሚቆጣ ካለ ይጻፍልኝ።

አንቺ ምን ታድርጊ? የማቴዎስ ወንጌል 18 መንገዱን ያሳያል። መጀመሪያ ለራሱ፣ ለብቻው። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ግን አንቺ 17 ዓመትሽ ነው፣ እሱ ትልቅ ሰው ነው። ለብቻሽ ሄደሽ እንድትናገሪው አልፈልግም። ከመዘምራኑ ታላቅ የሆነች፣ እሱ የሚያከብራት ሴት ትንገረው። በቡድን ቴሌግራም ላይ ግን እንዳትጽፉት። ሰው በአደባባይ ከተዋረደ በኋላ የሚሰማው ነገር የለም።

*

«እትዬ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። 26 ዓመቴ ነው፣ ከታዳጊዎች ጋር እሠራለሁ። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ማታ ማታ በቴሌግራም ትጽፍልኛለች። መጀመሪያ ስለ ጸሎት ነበር። አሁን ስለ ሁሉም ነገር ነው። ትናንት ‹ቤታችን የሚመጣ አንድ ሰው ያስፈራኛል፣ ግን ለማንም እንዳትናገር፣ ማልልኝ› አለችኝ። ማልኩላት። አሁን ምን ላድርግ?»
— እንቅልፍ ያጣው

መጀመሪያ፣ መጻፍህ ጥሩ ነው። ቀጥሎ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ልትሠራው የሚገባ ነገር አለ።

ያ መሐላ አያስርህም። ልጅን አደጋ ላይ ጥሎ የሚጠበቅ ቃል የለም። ኑዛዜ የሰሚውን አፍ የሚዘጋው ካህን ሲሆን ብቻ ነው። አንተ ካህን አይደለህም፣ ቴሌግራምም የኑዛዜ ቦታ አይደለም። ልጅቷን አግኛት፤ ሰው በሚያይበት ቦታ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። እንዲህ በላት፦ «የነገርሽኝ ትልቅ ነገር ነው። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ለብቻዬ ልሸከመው አልችልም፣ ሊረዳሽ ለሚችል ሰው እነግራለሁ። የምነግረውን ሰው አብረን እንምረጥ።» ትቆጣለች። ምናልባት ለሳምንታት አታናግርህም። ይሁን።

ዝርዝር አትጠይቃት። «ምን አደረገሽ፣ የት ነክቶሽ፣ ስንት ጊዜ» እያልክ መርማሪ አትሁን። ይህን ለሚያውቁ ሰዎች ተው። በራሷ አፍ ያለችህን፣ በራሷ ቃል፣ ቀኑን ጽፈህ ያዝ። ሰውዬውን ሄደህ አታናግረው። እሱን ካስጠነቀቅከው የሚጎዳው እሷን ነው።

ከዚያ ለቁምስናው ካህንና ለምታምናት አንዲት ሲስተር ተናገር። ለሁለት ሰው ያልኩህ አውቄ ነው፤ አንዱ ቢያድበሰብሰው ሌላዋ እንድትይዘው። በአገረ ስብከቱ የልጆች ጥበቃን የሚከታተል ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ጉዳዩ ወንጀል የሚሸት ከሆነ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ መሄድ አለበት። «የቤተሰብ ገመና ነው» የሚልህ ይመጣል። አትስማው። «ሊያገባት አስቦ ነው» ቢልህም አትስማው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ ለሴትም ለወንድም። ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ቢገኝስ? ያው ነው። እንዲያውም ለዚያ ጉዳይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.አ.አ. በ2019 የተለየ ሕግ አውጥተዋል። ካህናትና መነኮሳት ሲያውቁ ለበላይ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ በዚያ ሕግ ልጅ ነው።

አሁን ስላንተ። ማታ ማታ የሚመጣው መልእክት ደስ ይልህ ነበር፣ አይደል? ሰው ነህ፣ መፈለግ ደስ ይላል። ልጅቷም ምንም አላጠፋችም፤ የሚሰማት ሰው ፈልጋለች። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከታዳጊ ጋር በግል አትጻጻፍ። የጋራ ግሩፕ ይኑራችሁ፤ ውስጡ ቢያንስ ሌላ አንድ አዋቂ ይግባ፣ ሴት ብትሆን ይሻላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሚመጣ መልእክት «ነገ እናወራለን» በል። ድንገተኛ ከሆነ ደውለህ የምታሳውቀው ትልቅ ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። ልጅን ለብቻዋ ባጃጅ ውስጥ አትሸኝ። ይህ ሁሉ አንተን ስለማናምን አይደለም። መጥፎው ሰውም ጥሩ መስሎ ስለሚመጣ ነው። ሁላችሁም በአንድ ሕግ ስትሄዱ ከሕጉ የወጣው ቶሎ ይታያል።

እባክህ ምን እንዳደረግህ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

*

«ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ጓደኞቿ ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች ናቸው። ወጣቶች ጋ ሂጂ ስላት ‹እዚያ ማንንም አላውቅም› ትላለች። በረመዳን ማታ ማታ ለኢፍጣር ጎረቤት ነው የምታመሸው። እምነቷን እንዳታጣ ፈራሁ።»
— እናት፣ ከመጋላ

እህቴ፣ መጋላ እየኖርሽ ልጅሽ ሙስሊም ጓደኛ ባይኖራት ነበር የምጨነቀው። ለኢፍጣር ሳምቡሳ ያልበላ የድሬ ልጅ አለ እንዴ? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.አ.አ. በ1965 ካቶሊኮች ሙስሊሞችን በአክብሮት እንዲያዩ በይፋ አስተምሯል። እኛ ያንን ከማንበባችን በፊትም ቡና ስንጠራራ ኖረናል።

ፍርሃትሽ ግን መሠረት የለውም አልልም። ልጅሽ ለጓደኞቿ «እኔ ካቶሊክ ነኝ» ስትል ከዚያ በኋላ የምትለው አላት? ጓደኛዋ ለምን እንደምትጾም ታውቃለች፣ ሰዓቱንም ታውቃለች። ያንቺ ልጅ ዐቢይ ጾምን ለምን እንደምንጾም ብትጠየቅ ትመልሳለች? ካልመለሰች ችግሩ ጎረቤት አይደለም፣ ቤት ነው። ቤታችሁ ማታ አብራችሁ ትጸልያላችሁ? አንድ አሥር መቁጠሪያ እንኳ? ይህን ልትወቅሺበት አትውሰጂው፤ ዛሬ ማታ ልትጀምሪበት ውሰጂው።

«ማንንም አላውቅም» ያለችው እውነቷን ነው። የማታውቀው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ገብታ ግድግዳ ተደግፋ መቆም ለ15 ዓመት ልጅ ሞት ነው። አስተባባሪውን አናግሪ። ከወጣቶቹ አንዷ ቤታችሁ መጥታ ትውሰዳት። ጨዋታ፣ ድራማ ወይም ጥናት ባለበት ቀን ጓደኞቿንም ይዛ ትሂድ። ጥሩ የወጣቶች ግቢ በር ላይ ማንም ሃይማኖትህ ምንድን ነው አይልም። ጸሎቱ ሲደርስ የሚፈልግ ይቆያል፣ የማይፈልግ ኳሱን ይቀጥላል። የሌላውን ሰው ልጅ ወላጅ ሳያውቅ ወደ ጸሎት መሳብ ግን በፍጹም አይደረግም። አንቺ በልጅሽ ላይ እንዲደረግ የማትፈልጊውን።

*

«ከሐረር ነው። ልጆቹን ይዘን ሐሮማያ ሐይቅ ለአንድ ቀን ልንሄድ ነው። ምን እናዘጋጅ?»
— የሽርሽር ኮሚቴ

የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ። የእያንዳንዱ ወላጅ ስልክ በወረቀት፤ የአንዱ ሰው ስልክ ቢጠፋ እንዳይጠፋ። ወንድም ሴትም አዋቂዎች። ለመኪናው ከወንበሩ በላይ ሰው አትጫኑ፣ ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሲወጡም ሲመለሱም ቁጠሩ።

ከውሃው ራቁ። ሐይቁ ደርቆ ቆይቶ ውሃው የተመለሰ ነው፤ ዳሩ ጭቃ ነው። ጀልባ የሚያከራይ ቢመጣ አይሆንም በሉ። እናንተ የሐረር ልጆች አባ ሳሙኤልን ማስታወስ አለባችሁ። የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ነበሩ፤ ተፈሪ መኮንንን በልጅነታቸው ያስተማሩ።  በ1907 ዓ.ም. ተፈሪ የተሳፈሩበት ጀልባ እዚያው ሐይቅ ላይ ሰጠመ። ተፈሪ ተረፉ፣ አባ ሳሙኤል ግን ሞቱ። ዳሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታሪኩን ንገሯቸው። ንጉሥ የሆነውን ተማሪ ሁሉም ያውቀዋል፤ መምህሩን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለነፍሳቸው አንድ አባታችን ሆይ በሉ።

*

«16 ዓመቴ ነው። አባ እሑድ የወጣቶችን ጸሎት ምራ አሉኝ። እኔ ግን አንዳንዴ እግዚአብሔር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህን ቢያውቁ አይመርጡኝም ነበር። እምቢ ልበል?»
— ስሜ ይቅር

እምቢ አትበል። በላቲን ሥርዓት ሕግ 16 ዓመት የሞላው፣ ቆራቢና ሜሮን የተቀበለ ሰው የክርስትና አባት መሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የሌላ ሰው ነፍስ አደራ ልትሰጥህ ደርሰሃል ካለች፣ አንድ ጸሎት ለመምራት ምን ያንስሃል?

ጥርጣሬህን ግን አትደብቀው። ለአባ ንገራቸው፤ ከእሑድ በፊት። ይደነግጣሉ ብለህ ነው? እኔ የማውቃቸው ካህናት ከዚህ የባሰ ሰምተዋል። ቶማስም ከሐዋርያት አንዱ ነው። እንዲያውም ጭራሽ ጠይቀው የማያውቁ ልጆች ዩኒቨርሲቲ በገቡ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲጥሉት አይቻለሁ። ጥያቄህን የምትጠይቀው ሰው ካለህ ደህና ነህ። ከሌለህ እኔ አለሁ፤ በሚቀጥለው በዝርዝር ጻፍልኝ።

የማታምነውን ነገር እንደምታምን ሆነህ አትጸልይ። ረጅም፣ ያማረ፣ ከሌላ ሰው የሰማኸው ጸሎት አያስፈልግም። መዝሙረ ዳዊት ክፈት። በእኛ አቆጣጠር 12ኛው፣ በሌላው 13ኛው። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» ብሎ የሚጀምር ነው። አጭር ነው፣ ቀስ ብለህ አንብበው። ከዚያ ዝም በል። በዝምታው መካከል ሰው ሲሳሳቅ ብትሰማም አትቸኩል። ከዚያ ከሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆች አንዱን ጥራና አባታችን ሆይን እሱ ያስጀምር። የሚቀጥለው እሑድ ተራው የእሱ እንደሆነም ያኔውኑ ንገረው።

*

በአጭሩ፦

ለግሪክ ካምፑ አባት፦ አይ፣ ልጅዎን ቅዳሴ ስለቀረ ከኳስ አይከልክሉት። ሁለቱን ካጣሉበት ኳሱ ያሸንፋል። አሰልጣኙን አናግረው ሰዓቱን ያስተካክሉ።

ለኳየሯ መሪ፦ ድምፁ እየተቀየረ ያለውን ልጅ ከመዘምራን አታስወጪው። ከበሮ ስጪው። ሲረጋ ይመለሳል።

«ሁሉም ልጆች የሚወዱት መሪ ልሁን ወይስ የሚፈሩት?» ላልከው፦ የቀረውን ልጅ ቤቱን ታውቀዋለህ? መጀመሪያ እሱን መልስልኝ።